ማስተካከያ፦ ትርጉምና ፕሮፖዚሽን አንድ አይደሉም

ለሐዋሳ የፍልስፍና ተማሪዎች ባሰራጨነው ማጠናከሪያ ላይ «የዐረፍተ ነገር ትርጉም የሚገልጸው ፕሮፖዚሽን ነው» የሚለው እንደሚከተለው ይስተካከል። ፕሮፖዚሽን ማለት በዐረፍተ ነገር የሚገለጸው፣ እውነት ወይም ሐሰት ሊሆን የሚችለው ሐሳብ ነው።

«ዛሬ እዚህ ዘንቧል» የሚለውን አንዱ ሐዋሳ፣ ሌላው በዚያው ሰዓት አዳማ ሆነው ቢናገሩት የቃላቱ ትርጉም ያው ነው፤ ግን የአንዱ እውነት፣ የሌላው ሐሰት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፕሮፖዚሽኖቹ ሁለት ናቸው። የሐዋሳው ሰው በማግስቱ አዳማ ደርሶ፣ ሐዋሳን ማለቱ ሆኖ፣ «ትናንት እዚያ ዘንቧል» ቢል ደግሞ ቃላቱ ተለውጠውም ፕሮፖዚሽኑ ያው ነው። ፈላስፋው ዴቪድ ካፕላን በ1989 እ.ኤ.አ. በታተመ ሥራው የቃሉን ቋሚ ደንብ (ለምሳሌ «እዚህ» ተናጋሪው ያለበትን ቦታ ያመለክታል የሚለውን) በየዐውዱ ከሚገኘው ይዘት (ለምሳሌ ከሐዋሳ ወይም ከአዳማ) የለየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ልዩነቱ ፈጽሞ ሊታለፍ አይገባም።

የማጠናከሪያውን መልመጃ ስትሠሩ በቅድሚያ ተናጋሪውን፣ ጊዜውንና ቦታውን ወስኑ፤ እውነት ወይስ ሐሰት የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። «7 ከ5 ይበልጣል» በመሰለው ዐረፍተ ነገር ላይ ግን እውነትነቱ በተናጋሪው፣ በጊዜውና በቦታው ስለማይወሰን የቀድሞው መልሳችሁ አይለወጥም።