ማክስ ሲደመር አንድ ይለምልም!

ዛሬ የማመሰግነው ሰው አለኝ። ዳታቤዙ ለእያንዳንዱ አዲስ መዝገብ በራሱ ቁጥር ሊሰጥለት ሲችል «እኔ እያለሁ!» ብሎ ራሱ የሚቆጥረውን። ቴብሉ (ሰንጠረዡ) ውስጥ ትልቁን አይዲ (መለያ ቁጥር)፣ ማለትም ማክሱን ይፈልጋል፣ አንድ ይደምራል፣ ያስገባል። ሞከረው፤ ሠራ። ብቻውን ነበራ የሞከረው!

ሁለት ሰዎች እኩል «መዝግብ» ሲሉስ? ሁለቱም 1041ን ያያሉ፣ ሁለቱም 1042ን ይዘው ይመጣሉ። ፕራይመሪ ኪይ (ረድፉን የሚለየው፣ የማይደገመው ቁልፍ) ካለ አንዱ በኤረር ይመለሳል። የኛ ሰው ለዚህም መላ አላጣም፤ ፕራይመሪ ኪዩን አነሳው። ኤረሩ ጠፋ። እንዲህ ነው እንጂ!

በነገራችን ላይ ማይኤስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝም የሱ ወገን ነበር። ከስሪት 8.0 በፊት መረጃ የሚያስቀምጥለት ክፍሉ ኢኖዲቢ ቆጣሪውን ሜሞሪ ላይ ብቻ ስለሚይዝ፣ ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሳ ትልቁን አይዲ አይቶ አንድ ይደምር ነበር። በኋላ ቆጣሪውን ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ጀመረ። ከሃዲ!

ከሁሉ የምወድለት ግን ክፍተት አለመውደዱን ነው። 416 አለ፣ 418 አለ፣ 417 የለም። እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። አውቶ ኢንክሪመንት (የዳታቤዙ የራሱ ቁጥር ሰጪ) ሮልባክ ሲደረግ (የተጀመረው ምዝገባ ሳያልቅ ሲቀለበስ) የወሰደውን ቁጥር አይመልስም፤ ሆን ተብሎ ነው። ይመልስ ቢባል አንዱ እስኪጨርስ ሌላው ሁሉ ቆሞ ሊጠብቅ ነው። አንዳንዴ ደግሞ የቁጥሩ ባለቤት ተሰርዞ ይሆናል። የኛ ሰው ይህን ሁሉ አይጠይቅም። ብክነት አይወድማ! ቀጣዩን ደንበኛ 417 ላይ ያስቀምጠዋል።

አዲሱ ደንበኛ ገባ። ገና ምንም ሳይገዛ የሦስት ዓመት የግዢ ታሪክ ጠበቀው። ያልተከፈለ ዕዳም አለበት። የተሰረዘው ሰውዬ ደረሰኞች ፎሪን ኪይ (ከደንበኛው መዝገብ ጋር የሚያስራቸው ቁልፍ) ሳይኖራቸው እዚያው ቀርተው ነበር። ሰው ሳይለፋ ታሪክ ሲወርስ አያስደስትም?

ስልክ ቁጥርን ፕራይመሪ ኪይ ያደረገው ወዳጁም አይረሳ። ደንበኛው ሲም በቀየረ ቁጥር ስንት ቴብል ሲያሳድድ ያመሻል። አምስት ረድፍ ላለው የቀለም ዝርዝር ባለ 36 ፊደል ዩዩአይዲ (የትም እንዳይደገም የታሰበ ረጅም መለያ) የመደበውንም ጤና ይስጥልን።

ትናንት አለቃው ሪፖርት ይዞ መጣ። «502 የት ገባ?» የኛ ሰው ቀይ ሆነ። ያን ሌሊት ደረሰኞቹን በሙሉ ከ1 ጀምሮ እንደ አዲስ ቆጠራቸው። አሁን የቀሩት ታትመው ደንበኞች እጅ የገቡት ናቸው። እነሱንም በየቤቱ እየዞረ በእስክሪብቶ ሊያርም አስቧል አሉ።