ለ«ያኔ የት ነበርክ?» የቀረበ ውዳሴ

ሥነ አመክንዮ ወይም ሎጂክ የሚባለው ትምህርት ሰውን ያለ አግባብ የሚያደክም ትምህርት ነው። አንድ ሰው አቋሙን ከነምክንያቱ ሲያቀርብ፣ ትምህርቱ አስቀድማችሁ መነሻ ሐሳቦቹን ከመደምደሚያው ለዩ ይላል፤ ቀጥሎም መነሻዎቹ እውነት ቢሆኑ መደምደሚያው የግድ ይከተል እንደሆነ መርምሩ ይላል፤ ይህ ሳይበቃው ደግሞ መነሻዎቹ በእርግጥ እውነት መሆናቸውን አጣሩ ብሎ ያዝዛል። አሪስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ይህን ሥርዓት ሲዘረጋ ዕድሜውን የፈጀበት፣ እኛ የደረስንበትን አቋራጭ የሚያሳየው ሰው ስላላገኘ መሆን አለበት። እኛ ያን ሁሉ ልፋት በሦስት ቃላት ተገላግለነዋል፦ ያኔ የት ነበርክ?

የአቋራጩን ብቃት ለማየት አንድ ነዋሪ በሰፈር ስብሰባ ላይ ተነሥቶ እንዲህ አለ እንበል፦ «በቧንቧችን ውኃ ከመጣ ሁለት ወር ሆኖታል፤ የፍጆታ ሒሳብ ግን በየወሩ ይደርሰናል፤ ሰው ላልተጠቀመበት ነገር ሊከፍል አይገባም፤ ስለዚህ ሒሳቡ ይታረምልን።» ሦስት መነሻና አንድ መደምደሚያ መሆኑ ነው። የአመክንዮ ተማሪ ይህን ሲሰማ መከራው ይጀምራል። ቆጣሪው የሚያሳየውን ቁጥር ሄዶ ማየት ይኖርበታል፤ የመጣው ሒሳብ የፍጆታ ሳይሆን የቆጣሪ ኪራይ ሊሆን ይችላልና ሁለተኛውን መነሻ መፈተሽ አለበት፤ ሰው ባይጠቀምበትም የሚከፍለው የአገልግሎት ክፍያ ካለም ሦስተኛው መነሻ እንደ ተነገረው በደፈናው ላይቆም ነው። ምናልባት በዚህ ሁሉ ምርመራ ነዋሪው ተሳስቶ ይገኝ ነበር። ነገር ግን ከስብሰባው መካከል አንድ አስተዋይ ሰው ብድግ ብሎ «የላይኛው ሰፈር ውኃ ሲጠፋ የት ነበርክ?» ሲል ቆጣሪውን ለማየት የሚንቀሳቀስ አይኖርም፤ አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ጉዳዩም ተዘጋ ማለት ነው። ለታላቅ ሰው «የት ነበሩ?» ተብሎ ስለሚቀርብ ጨዋነትም አይጎድለው።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን መልስ የማያሸንፈው መሆኑ ነው። ተጠያቂው «ያኔ ዝም ብዬ ነበር» ቢል አስመሳይነቱን በገዛ አፉ መሰከረ፤ «ያኔም ተናግሬያለሁ» ቢል ድሮም ማማረር ሥራው እንደ ነበር ተረጋገጠ፤ «ያኔ አልተወለድኩም» ቢል ደግሞ አባቱ የት እንደ ነበሩ ይጠየቃል። የአመክንዮ መምህራን መልሱ ምንም ቢሆን ያው ፍርድ የሚሰጥ ጥያቄ ፈተና አይባልም ይላሉ። ቅናት ነው።

እነዚሁ መምህራን ልማዳችንን ሕጸጽ፣ ማለትም የሙግት ጉድለት፣ ብለው ይጠሩታል፤ ሐሳቡን ትቶ ተናጋሪውን ስለሚመታ በሰው ላይ ያነጣጠረ ሕጸጽ፣ በተለይም «አንተስ?» የሚባለው ዓይነት ነው ይላሉ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ሎክም በ17ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ላይ ተከራካሪን በገዛ አቋሙ ማስጨነቅ የተለመደ የክርክር ስልት መሆኑን ከመሰከረ በኋላ፣ የሌላውን ስሕተት ማሳየት የራስን ትክክለኛነት አያረጋግጥም የሚል ቅሬታ አሰምቷል። ሎክ ማረጋገጥና ማሸነፍ ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ያውቅ ነበር፤ የትኛው እንደሚያስጨበጭብ ግን አልጠየቀም።

ለነገሩ ጥያቄው በሕግ ፊት የታወቀ ቦታ አለው። «አይቻለሁ» የሚል ምስክር ያኔ የት እንደ ነበር፣ ከምን ያህል ርቀት እንዳየ፣ ከባለ ጉዳዩ ጋር ዝምድና ይኖረው እንደሆነ ቢጠየቅ ተገቢ ነው፤ ዳኛው እንዲያምን የሚጠየቀው የሰውየውን ቃል ነውና የሰውየው ማንነት ይመዘናል። ሙግት የሚያቀርብ ሰው ግን ቃሌን እመኑልኝ አላለም፤ እርሱ ሄዶ ቢተኛም ቆጣሪው እዚያው ግድግዳው ላይ አለ፤ የፈለገ ሁሉ ያነብበዋል። ይህን ልዩነት መጠበቅ በላ ልበልሃ እያሉ ሲሟገቱ ለነበሩ፣ ጊዜ ለተረፋቸው ሰዎች ይሆን ይሆናል። እኛ ልዩነቱን አንሥተን ተናጋሪን ሁሉ ምስክር፣ አድማጭን ሁሉ መስቀለኛ ጠያቂ በማድረጋችን፣ ስለ ጉዳዩ ምንም የማያውቅ ሰው እንኳ ሳይሸማቀቅ የሚሳተፍበት ሸንጎ አቋቁመናል።

እንግዲህ የቀረው ልማዱን በትምህርት ማጽናት ነው። በዩኒቨርሲቲዎቻችን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በሚሰጠው የሎጂክ ፈተና ላይ «አበባ ሁሉ ይጠወልጋል፤ ይህ ጠውልጓል፤ ስለዚህ ይህ አበባ ነው፤ ሙግቱ የጸና ነውን?» የሚል ጥያቄ ቢመጣ፣ ተማሪው ቅጠልም እንደሚጠወልግ በማስረዳት መድከም የለበትም። «ያለፈው ዓመት ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ሲሳሳቱ መምህሩ የት ነበሩ?» ብሎ ከጻፈ ሙሉ ነጥብ ይሰጠው። ዜሮ ለመስጠት የሚዳዳው መምህር ካለም፣ እርሱ ራሱ አንደኛ ዓመት ሳለ በሎጂክ ስንት እንዳገኘ አስቀድሞ ያስረዳ።