«ሥጋና ነፍስ» ያለ ሁሉ የማኒ ልጅ አይደለም

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ የቀረቡ ምሁር «የእኛ ክርስትና ምንታዌ ነው፤ ሥጋን በጠላትነት ያያል፤ ጾሙም የመጣው ከዚያ ነው» አሉ። አወያዩም ሆነ ሌሎቹ እንግዶች «ምንታዌ ስንል ምን ማለታችን ነው?» ብለው አልጠየቁም። ቃሉ ስለከበደ ብቻ ክሱ እንደ እውነት ታለፈ።

ሁለት ነገሮችን ለይቶ መጥራት ምንታዌ አይባልም። በሃይማኖት ታሪክ ምንታዌ በጥብቅ ትርጉሙ አንዱ ከሌላው ያልተገኘ፣ ሁለቱም ያልተፈጠሩ ሁለት መነሻዎች አሉ ማለት ነው። የፈረንሳዊው ፈላስፋ የዴካርት ምንታዌ (1641 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሌላ ነው፤ አእምሮና አካል በባሕርይ የተለያዩ ናቸው ይላል እንጂ አካል ክፉ ነው አይልም። ምሁሩ ሁለቱን አንድ ላይ አቦክተው ጋገሩልን።

ከሁሉ የደከመው ግን የጾሙ ነገር ነው። ሥጋን በእውነት የተጸየፈ ሃይማኖት ምን እንደሚመስል ለማየት በሦስተኛው መቶ ዘመን በፋርስ ግዛት የተነሣውን የሃይማኖት መሥራች ማኒን ማየት ይበቃል። ለእሱ ብርሃንና ጨለማ ሁለቱም መጀመሪያ የሌላቸው ናቸው፤ ዓለም የሁለቱ ቅልቅል ነው፤ የሰው አካልም የጨለማ ኃይሎች ሥራ ነው። ስለዚህ ከተከታዮቹ «ምርጦች» የሚባሉት ዕድሜ ልካቸውን ሥጋ አይበሉም፣ ወይን አይጠጡም፣ አያገቡም። በተክል ውስጥ የታሰረውን ብርሃን ላለመጉዳት ቅጠል እንኳ አይቆርጡም፤ ምግባቸውን «ሰሚዎች» የሚባሉት ተራ ተከታዮች ያመጡላቸዋል። እዚህ ቤት ክልከላው የሚያበቃበት ፋሲካ የለም።

እኛ ጋስ? በዐቢይ ጾም 55 ቀን የተከለከለው ሥጋና ቅቤ በትንሣኤ ይፈቀዳል፤ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ምግቡ ርኩስ ቢሆን ኖሮ በቀን መቁጠሪያ ይነጻ ነበር? ቁርባኑ ኅብስትና ወይን ነው። ዲያቆኑ ካልመነኮሰ በቀር ቅስና የሚቀበለው አግብቶ ነው። የሐዋርያት ቀኖናም ከጋብቻ፣ ከሥጋና ከወይን የሚርቀው ለተጋድሎ ሳይሆን ተጸይፎ ከሆነ ካህኑ ካልታረመ ይሻር ይላል። የተከሰስንበትን ነገር ቤተ ክርስቲያን በሕግ አውግዛዋለች!

ዲያብሎስስ ሁለተኛ መነሻ አይደለም? አይደለም፤ ፍጡር ነው። ኢሳይያስ 45፥7 ለፋርሱ ንጉሥ ለቂሮስ በተነገረው ቃል ውስጥ «ብርሃንን ሠራሁ፥ ጨለማውንም ፈጠርሁ» ይላል፤ ለሁለተኛ መነሻ ቦታ አልተወም። ጸሎተ ሃይማኖታችንም የሚታየውንም የማይታየውንም የፈጠረ አንድ አምላክ ብሎ ጀምሮ በሙታን መነሣት ይደመድማል። የነፍስ እስር ቤት ነው የተባለ አካል እንዲነሣ ማን ተስፋ ያደርጋል?

አዎ፣ «ሥጋ ጠላታችን ነው» የሚል ሰባኪ አለ፤ እሱም ያጠፋል። ግን ገላትያ 5ን ገልጦ የሥጋን ሥራ ዝርዝር ያንብብ፤ ምሁሩም አብረውት ያንብቡ። ዝሙትና ስካር አሉ፤ በመካከላቸው ግን ጣዖት ማምለክ፣ ጥል፣ ቅንዓት፣ ቁጣ፣ መለያየት፣ ምቀኝነት ተደርድረዋል። ምቀኝነት የየትኛው የአካል ክፍል ሥራ ነው?