ከፋዩ ሌላ፣ ጠጪው ሌላ

እኛ ዘንድ ለስላሳ ጠምቶት የሚጠጣ ሰው ጥቂት ነው። አብዛኛው የሚጠጣው ተከፍቶለት ነው። እንግዳ ገና ወንበር ሳይዝ ልጅ ባዶ ጠርሙስ አንጠልጥሎ ወደ ሱቅ ይሮጣል።

«ኮካ ይሁንልህ ሚሪንዳ?»

«ኧረ እትዬ፣ ይቅርብኝ። ስኳር አለብኝ፣ ሐኪም ከልክሎኛል።»

«ውይ በሞትኩት! እንግዲያው ስፕራይት ይምጣልህ። እሱ እንኳ ነጭ ነው።»

ቆርኪው ተነሳ። ከዚህ በኋላ ይግባኝ የለም። 300 ሚሊ ሊትሯ ኮካ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይዛለች፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ በሉት። ነጩም ቢሆን ስኳሩን አልረሳም። እንግዳው በይሉኝታ ይጨልጣል፣ እትዬ ደስ ይላቸዋል።

እንግዲህ «ስኳር ባለው መጠጥ ላይ የሚጣል ታክስ ጤና ያሻሽላል ወይ?» የሚለው ጥያቄ የሚገባው በዚህ መሀል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ቀላል ነው፦ ዋጋውን ቢያንስ 20 በመቶ አስወድዱት፣ ሰው ይቀንሳል። ሜክሲኮ (አደባባዩ ሳይሆን አገሩ) በ2014 እ.ኤ.አ. በሊትር አንድ ፔሶ ታክስ ጣለች። በመጀመሪያው ዓመት ግዢው 6 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከኪሱ ገዝቶ የሚጠጣ ሰው ሒሳብ ያውቃል።

የኛን እንግዳ ግን ዋጋው ምን አገባው? ከፋይዋ እትዬ ናቸው። እኛም በ2012 ዓ.ም. የወጣ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አለን፤ ለስላሳውም ስኳሩም እዚያ ውስጥ አሉ። ለስላሳ በተወደደ ቁጥር ታዲያ ክብሩ ጨመረ። «በዚህ ኑሮ ኮካ ከፈተችልኝ» ተብሎ ይወራል። ድሮ እምቢ ማለት ነውር ነበር፤ አሁን ግፍ ሆነ። እጅ ያጠራት ደግሞ ሻይ ታፈላለች። በአንድ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ «አነሰ እንዴ?» የሚል ጥያቄ ተጨምሮበት።

እንግሊዞች በ2018 እ.ኤ.አ. የሠሩት ብልጠት ነው የምለው ለዚህ ነው። ከጠጪው ጋር አልተከራከሩም። በ100 ሚሊ ሊትር ከ5 ግራም በታች ስኳር ላለው ምንም፣ ከ5 ግራም ጀምሮ በሊትር 18 ፔንስ፣ ከ8 ግራም ጀምሮ 24 ፔንስ አሉ። ይህንንም ከሁለት ዓመት በፊት ተናገሩ። ፋብሪካ ይሉኝታ የለውም፤ ብዙዎቹ ቀኑ ሳይደርስ ስኳራቸውን ቀነሱ። ስኮትላንዶች ብቻ አይርን ብሩ የሚሉት መጠጣቸው ሊለወጥ ነው ሲባሉ፣ እኛ ዘይት ሊጠፋ ነው ሲባል እንደምናደርገው፣ አሮጌውን በካርቶን አከማቹ። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ ከ10 እስከ 11 ዓመት ባሉ ሴት ልጆች ላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት ያለ ታክሱ ይሆን ከነበረው 8 በመቶ ገደማ ማነሱን አሳየ። በወንዶቹ ላይ ለውጥ አልታየም። ወንድ ልጅ ያሳደገች እናት አይገርማትም።

ስለዚህ ታክስ ጤና ያሻሽላል ወይ ላላችሁ፣ መልሴ አዎ ነው፤ ግራሙን ቆጥሮ ፋብሪካው በር ላይ ከቆመ። የኛው የሚሰላው በዋጋ ነው። ፋብሪካው ስኳሩን በግማሽ ቢቀንስም ከታክሱ የሚቀነስለት ነገር የለም።

ቢቀነስ ደግሞ በዝምታ ይሁን። እትዬ ከሰሙ «ውሃ ውሃ ይላል» ብለው አሮጌውን ፍለጋ ልጁን ሱቅ ለሱቅ ያዞሩታል። ባለሱቁም ከባንኮኒው ሥር አውጥቶ በእጥፍ ይሸጥላቸዋል።