ቤተ መንግሥትን በጀርባ

አጎቴን ላሳክም ባንኮክ ሄጄ፣ አንድ ቀን ፋታ ሳገኝ ታላቁን ቤተ መንግሥት ልይ ብዬ ወጣሁ። ኋላ ቀር መሆኔን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ለካ ቤተ መንግሥት የሚጎበኘው በጀርባ ኖሯል!

የታይላንዱ ንጉሥ ቀዳማዊ ራማ በ1782 እ.ኤ.አ. ሲያስጀምሩት የዛሬውን ጎብኚ ቢያውቁት ኖሮ ያን ሁሉ ወርቅ ባላባከኑ። የዛሬ ጎብኚ ብልህ ነው። ወርቃማው ጉልላት ጋ ይደርሳል፣ ዞር ይላል፣ ከንፈሩን ያሞጠሙጣል፣ ቀጭ! አለቀ። አንገት ማንጋጠጥ የለ፣ ፀሐይ ላይ መንቀዋለል የለ። እኔ ሞኙ ራማኪየን የሚሉት የታይላንዶች የጀግንነት ተረት በ178 ክፍል የተሣለበት ግድግዳ ሥር ቆሜ፣ ጦጣዎቹ ከአጋንንት ጋር ሲዋጉ አፌን ከፍቼ አያለሁ። አንዲት ወይዘሮ ፎቶዋን አበላሽቼባት ኖሮ፣ እንደ ዝንብ በእጇ እሽ አለችኝ። ልክ ናት። ሥዕል ማየት ምን የሚሉት ሥራ ነው?

ችግር የመጣው «የኤመራልድ ቡድሃ» ያለበት ቤት ስንገባ ነው። ሐውልቱ በስሙ ኤመራልድ ይባል እንጂ ጄድ የሚሉት አረንጓዴ ድንጋይ ነው፤ ቁመቱም 66 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ፣ ወቅቱ ሲለወጥ፣ ንጉሡ ልብሱን ይቀይሩለታል። ጫማ አውልቁ ተባልን፤ ይሄ ለእኛ አገር ሰው ብርቅ አይደለም። ፎቶ ግን ክልክል! ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ስልኩን ኪሱ ከተተና እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። ጣሪያውን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ እኔን አየ። ሐውልቱን? ምን በወጣው! ማስረጃ የሌለው ነገር ታየ ይባላል እንዴ?

ዋት ፖ የሚባለው ቤተ መቅደስ ያለው ቡድሃ ደግሞ ተጋድሞ 46 ሜትር ነው። አንድ ጀግና የራሱን ፊት ለማስገባት የቡድሃውን ጭንቅላት ከፎቶው ቆርጦ ጣለው። በዕንቁ ዛጎል 108 ምልክት የተሠራበትን ውስጥ እግሩን ያየለትም የለ። ከሐውልቱ ጀርባ 108 የነሐስ ጎድጓዳ ሳህኖች ተደርድረዋል፤ በየአንዳንዱ ሳንቲም እየጣሉ ማለፍ ነው። አንዷ ግማሽ ላይ ስትደርስ ቪዲዮው እየቀዳ እንዳልነበረ አወቀች። ተመልሳ ከአንድ ጀመረች! ያልተቀዳ ጽድቅ መቼም አይመዘገብም።

ማታ ሆስፒታል ተመለስኩ። አጎቴ ትራሱን ደገፍ ብሎ «በል እስቲ ፎቶውን» አለኝ። ስለ ጦጣዎቹ አወራሁለት፣ ስለ ዛጎሉ አወራሁለት። ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቆየና፦

«እና... አልሄድክም?»