አንድ ጊዜ ታትመው የቀሩት

ባሕር ዳር መጽሐፍ አዟሪዎቹ ክንድ ላይ ያለው ሁሌ ያው ነው፦ እነዚያው የታወቁ ርዕሶች። ኧረ በደርግ ጊዜ አንዴ ታትመው የቀሩት ልብ ወለዶች ምን በደሉ? የቀበሌው ስብሰባ፣ የስኳር ሰልፉ፣ የሰፈሩ ሰው አነጋገር ያለው እኮ እነሱ ውስጥ ነው!

ወረቀታቸው ርካሽ ነው፤ በውስጡ ያለው አሲድ ያደርቀዋል፣ የጀርባው ሙጫ ሲሰነጠቅ ቅጠሉ ይረግፋል። ሰው ደግሞ በፌስታል ጠቅልሎ አልጋ ሥር ይከተዋል። በክረምት፣ ያውም ጣና ዳር! ፌስታል እርጥበቱን አፍኖ ያሻግተዋል። ከግድግዳ አራት ጣት አርቃችሁ አቁሙት። የረገፈውን በፕላስተር አትለጥፉት፣ ወረቀቱን ያበላሸዋል፤ ጠርዙን ነጭ ኮላ በስሱ ቀብታችሁ ሌሊቱን ድንጋይ ጫኑበት።

በኪሎ መሸጥስ? ቆሎ የተጠቀለለበትን ወረቀት ፍቱትና እዩት፤ ገጽ 143፣ ንግግሩ መሃል ላይ ተቆርጦ።