«የልጄ ሹራብ ጠፋ»

እሁድ ማታ፣ የትምህርት ቤቱ አዳሪ ተማሪዎች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ገብተው አልጋቸውን ሳያነጥፉ፣ የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ያቺ መልእክት ከች ትላለች፦ «ሰላም ወላጆች፣ የልጄ ሹራብ ጠፍቷል። ሰማያዊ ነው። ያገኛችሁ ተባበሩን።» ሰማያዊ ነው! ከአንደኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለው ተማሪ በሙሉ የለበሰው ሰማያዊ ሹራብ ነው እኮ። ከሥር «እኛም ጠፍቶብናል» የሚል ይደረደራል። አንድ አባት ደግሞ ሰው ከተሰበሰበ አይቀር ብለው የሚሸጥ ቪትዝ ይለጥፋሉ።

ስም ይጻፍበት ተብሎ ነበር። ወረቀቱ ከክፍያ ደረሰኙ ጋር ተያይዞ ነው የተሰጠው፤ ደረሰኙ በክብር ተቀምጧል፣ ወረቀቱ የት እንደገባ አይታወቅም።

ሥራው ደግሞ ከባድ አይደለም። ስሙ የተጻፈው በጨርቅ ቁራጭ ላይ ከሆነ አራቱም ጠርዝ ይሰፋል፤ ሁለት ጫፉ ብቻ ከተያዘ ልጁ ሹራቡን ሲያወልቅ ጣቱ ይገባበትና ይገነጥለዋል። በካውያ የሚለጠፈው ካውያው ያለ እንፋሎት ግሎ ለ15 ሰከንድ ያህል ይጫንበታል፣ ከዚያ ልብሱ ሳይታጠብ አንድ ቀን ያድራል። ማታ ለጥፎ ማታውኑ ማሽን ውስጥ የከተተ ሰው የልጁን ስም የማሽኑ ማጣሪያ ላይ ያገኘዋል። ሹራቡ አክሪሊክ ከሆነ ደግሞ ካውያ አይነካም፣ ይቀልጣል፤ መርፌና ክር ብቻ ነው። በማርከር የሚጻፈው አንገት ላይ ባለችው ነጭ ቁራጭ ላይ ነው፤ በእጥበት ስለሚደበዝዝ በየተርሙ ይደገማል። ካልሲና የውስጥ ልብስ ቁጥር ባለው የመረብ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ይታጠባል፤ ከረጢቱ ከሁለት ሦስተኛው በላይ አይሞላም። የታጨቀ ከረጢት ሳሙናው አይለቅም፣ መሀሉ ሳይደርቅ ይወጣል፣ በክረምት መብራት ከጠፋ ደግሞ ሽታው ለብቻው አልጋ ይፈልጋል።

የሹራብ ጉዳይ ግን ከላውንደሪ በፊት ነው የሚበላሸው። ከቤቱ የሚመላለሰው ቀን ተማሪና አዳሪው አንድ ሜዳ ላይ ይጫወታሉ፣ ሲሞቃቸው ሹራባቸውን አጥሩ ላይ ይሰቅላሉ። የሰርቪስ መኪናው ጡሩምባ ሲነፋ ቀን ተማሪው እጁ የገባለትን መንጥቆ ይሮጣል። የቤት ሠራተኛዋ ታጥበዋለች፣ ተኩሳ ቁምሳጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። አዳሪ የነበረው ሹራብ ቀን ተማሪ ሆኖ ቀረ ማለት ነው። አሁን ማን ሰረቀ ይባላል? የላውንደሪ ሠራተኞቹ፤ ሌላ ማን አለ! እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚያናድደኝ። ክፍያው በዶላር በሚተመንበት ትምህርት ቤት፣ ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ እንኳን ድምፁን ሳያሰማ የከፈለ ወላጅ፣ ለጠፋ ሹራብ ሲሆን ልብስ አጣቢ ላይ ይጮኻል።

«ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል» ይላል አበው። እንደዚህ ተረት የምወደው የለም፤ የመጀመሪያው ግማሽ ለላውንደሪ፣ ሁለተኛው ለእንግሊዝኛችን የተቀመጠ ይመስለኛል። ልጁ ትምህርት ቤት ሙሉ ቀን በእንግሊዝኛ ውሎ፣ ቅዳሜ ቤቱ ሲመጣ ሞግዚቷ «ካም፣ ኢት» እንድትለው ትታዘዛለች። ከጎጃም የመጣች ልጅ፣ ቅኔ የሚዘረፍበትን አገር አማርኛ አፏ ላይ ይዛ! አያት ለጥየቃ ሲመጡ ልጁ ዝም፣ እሳቸውም ዝም፤ እናት መሀል ላይ ቁጭ ብላ ታስተረጉማለች። ከዚያ ለእንግዳ «አማርኛ አይችልም እኮ» ይባላል፤ በሐዘን መስሏችሁ? እየሳቁ ነው። አማርኛ ያልቻለ ልጅ የገዛ አያቱን ምርቃት «አሜን» ለማለት አስተርጓሚ ሲጠብቅ ማየት ያስቃል? እኔን አያስቀኝም።

አዳሪነት ደግሞ ለዚህ አገር አዲስ ነገር አልነበረም። የቆሎ ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ደርቦ፣ አገር አቋርጦ መምህሩ ደጅ ጎጆ ይቀልሳል። ምግቡን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ከውሻ ጋር እየታገለ ያመጣል። ደበሎ ጠፋብኝ ብሎ ለማን አቤት ይላል? በፈረንጆች 1946 የተከፈተው ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤትም ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡ ልጆችን ያሳድር ነበር። ያኔ አዳሪ የሚሆነው አገሩ ሩቅ የሆነ ልጅ ነው። ዛሬ ቤቱ ቦሌ ሆኖ ሳር ቤት የሚያድር አለ፤ ምክንያቱ የቀለበት መንገዱ መጨናነቅ ነው። ይሄንን እንኳን አልፈርድበትም፤ ጠዋት 12 ሰዓት ተነስቶ መኪና ውስጥ ቁርስ ከመብላት ይሻላል።

ቀን ተማሪዎቹም ቢሆኑ አንዴ ቀምሰውታል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ሲገባ ስልክ ክልክል ሆነ፣ ተፈታኙ አንሶላና ብርድ ልብሱን ይዞ ዶርም ገባ። ያለፈው 3.3 በመቶ ብቻ ስለነበር ብዙ ወሬ ያወራነው ስለ ውጤቱ ነው። ካልሲውን በገዛ እጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ያጠበው ምን ያህሉ እንደሆነ የቆጠረ የለም እንጂ፣ ያም አንድ ትምህርት ነበር።

ምን ላይ ነበርን? አዎ፣ ሹራብ። ከጥበቃው ቤት አጠገብ ትልቅ ሰማያዊ በርሜል አለ፤ የወደቀ ሁሉ እዚያ ይገባል፤ ዓርብ ከ9 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ክፍት ነው። በተርሙ መጨረሻ ያልተወሰደው ለበጎ አድራጎት ይሰጣል። በየተርሙ የሚሰጠው ሹራብ ደግሞ ጥቂት አይደለም፤ ግማሹ ገና አዲስ ነው። ግሩፑ ላይ የሚጽፍ ወላጅ ሞልቷል፣ በርሜሉ ድረስ የሚመጣው ግን አንድ ሁለቱ ነው፤ እነሱም የሚመጡት የውሃ መያዣ ፍለጋ ነው። የውሃ መያዣ ላይ ስም አይጻፍም መሰለኝ።